ኦንላይን ጌሞች ቦት አካውንትን በምን ይለያሉ? ለምንስ ወዲያው አያግዱም?

ሸገር_ኮደር
ሰላም ለሁላችሁ። በስልክ የሚጫወቱት ኦንላይን ጌም እየሠራን ነው፤ እርሻ፣ ማዕድን፣ ገበያ፣ ተጫዋች ከተጫዋች ንግድ አለበት። በአንድ ጊዜ እስከ 1,000 ሰው እንዲይዝ ነው ያሰብነው። ሳንቲም ባለበት ቦት (በሰው ፈንታ የሚጫወት ፕሮግራም) መምጣቱ አይቀርም። ትላልቆቹ ጌሞች ቦትን በምን ይለያሉ? ካወቁ በኋላስ ለምን ሳምንታት ቆይተው በጅምላ ያግዳሉ? እኛ በየሰዓቱ አንድ ካፕቻ (ሰው መሆንን የሚፈትን ጥያቄ) ብናወጣ አይበቃም ወይ? «ፀረ ቦት ሶፍትዌር ግዙ» የሚል መልስ አልፈልግም፤ ውስጡን የምታውቁ ኑልኝ።

ቲክ_600
ካፕቻው ላይ ልጀምር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው።) በ2001 የተከፈተው ሩንስኬፕ ይሄን መንገድ ሄዶ ጨርሶታል። ዓሣ እያጠመድክ ወይም ማዕድን እየቆፈርክ ሳለ ድንገት አንድ ሽማግሌ ብቅ ብሎ ያናግርህ፣ እንቆቅልሽም ይሰጥህ ነበር፤ ዝም ካልከው ሥራህ ይበላሻል። ቦት ጸሐፊዎቹ ለእያንዳንዱ እንቆቅልሽ መፍቻ ስክሪፕት ጻፉለት። ከዚያ በኋላ ቦቱ ዓይኑን ሳያሽ ያልፋል፣ ሻይ ሊጥድ የተነሳው ሰው ይወድቃል። በመጨረሻ ኩባንያው ራሱ አስገዳጅነቱን አነሳው። ካፕቻ ዋጋ የሚኖረው በሌላ ማስረጃ ለተጠረጠረ አካውንት ብቻ ስትሰጠው ነው።

ቦት ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ሜሞሪ የሚያነብ ነው፤ የት ቆመሃል፣ ጭራቁ ስንት ደም ቀረው የሚለውን ጌሙ ራም ላይ ካስቀመጠው በቀጥታ ይወስዳል። ሌላው ስክሪን የሚያይ ነው፤ ቀለምና ቅርጽ ፈልጎ ማውሱን ያንቀሳቅሳል። ሦስተኛው ጌሙን ጭራሽ አይከፍትም። ጌሙ ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገርበትን ቋንቋ (ፕሮቶኮል) አጥንቶ መልእክት (ፓኬት) ብቻ ይልካል፤ ስዕል ስለማይሥል በአንድ ደካማ ማሽን ብዙ አካውንት ያስኬዳል።

ለሦስቱም መድኃኒቱ ይለያያል። ሜሞሪ አንባቢው የሚመታው ክሊየንቱን (ተጫዋቹ ማሽን ላይ የሚሠራውን የጌሙን ፕሮግራም) በማተራመስ ነው። ኦክቶበር 25 ቀን 2011 የሩንስኬፕ ባለቤት ጄጄክስ ክላስተርፍላተረር የሚባል ማሻሻያ አወጣ። ቦቶቹ በፕሮግራሙ ውስጥ የትኛው የዳታ ማስቀመጫ (ፊልድ) የተጫዋቹን ቦታ፣ የትኛው ዕቃውን እንደሚይዝ አስቀድመው ያውቁ ነበር፤ የክሊየንቱ አሠራር ሲቀየር ያ እውቀት ከንቱ ሆነ፣ ታዋቂዎቹ ቦቶች በዚያው ቀን ቆሙ። ስክሪን የሚያዩት ግን ብዙም አልተነኩም፤ ስዕሉ አልተቀየረማ! ሌሎቹም ከጊዜ በኋላ ተመልሰው መጥተዋል።

ፓኬት ላኪውን ማወቅ ከሁሉም ይቀላል። እውነተኛው ክሊየንት በየጊዜው የሚልከው ትርኪ ምርኪ አለ፦ መስኮቱ ከፊት ወጣ፣ ወደ ኋላ ሄደ፣ ካሜራው ዞረ፣ ፒንግ ተመለሰ። ቦት ጸሐፊው የሚጽፈው ለሥራው የሚያስፈልገውን ብቻ ስለሆነ ይሄን ይዘለዋል። ስለዚህ ማሻሻያ ስታወጣ የአንድ ፓኬት ቅደም ተከተል በትንሹ ቀይርና የድሮውን ማን እንደላከ መዝግብ። ብቻ አዲሱ ቨርዥን ለሁሉም መድረሱን ሳታረጋግጥ እንዳትቆጥር፤ በቀስታ ኔትወርክ ያለ ሰው ማሻሻያውን ሳይጭን ሊሰነብት ይችላል።

ማሂ_ጂ
እሺ፣ ስክሪን አይቶ ማውስ የሚያንቀሳቅሰውስ? አሁን ማንም ቦት ጸሐፊ «ከ500 እስከ 900 ሚሊሴኮንድ በራንደም ጠብቅ» የምትል መስመር አይረሳም። ሰርቨሩ ጋ የሚደርሰው ክሊክ ብቻ ነው። ከሰው በምን ይለየዋል?

ዳታ_ቆጣሪ
ማሂ፣ ያቺ መስመር ናት የምታስይዘው።

10,000 ክሊክ ሰብስቢና በሁለት ክሊክ መካከል ያለውን ጊዜ በ20 ሚሊሴኮንድ እየከፈልሽ ቁጠሪው። ከ500 እስከ 900 እኩል ዕድል እየሰጠ የሚመርጥ ቦት በትክክል 20 ክፍል ይሞላል፤ እያንዳንዱ ውስጥ 500 ገደማ ክሊክ ይገባል። ከ500 በታች ባዶ፣ ከ900 በላይ ባዶ። አማካዩ 700፣ ስታንዳርድ ዲቪየሽኑ (ከአማካዩ የመራቅ መጠኑ) 115 አካባቢ። ግራፉን ስታይው ሳጥን ነው። የሰው ግራፍ በግራ በኩል ቶሎ ይወጣና በቀኝ ረጅም ጅራት ይጎትታል። ለማሳያ ያህል የጻፍኳቸው ሁለት መስመሮች እነሆ፣ በሚሊሴኮንድ፦

ሰው፦ 612፣ 588፣ 640፣ 1910፣ 820፣ 655፣ 571፣ 4370፣ 990፣ 630
ቦት፦ 731፣ 540፣ 877፣ 612፣ 798፣ 503፣ 689፣ 841፣ 566፣ 720

ላይ ላዩን ሲያዩት ሁለተኛው ነው «የተዘበራረቀ» የሚመስለው። ግን ጅራት የለውም። ደግሞ የመጀመሪያውን እዪው፤ ከ1910 በኋላ 820፣ ከ4370 በኋላ 990 መጣ። ሰው ሐሳቡ ከተሰረቀ በኋላ ወደ ፍጥነቱ የሚመለሰው ቀስ እያለ ነው፣ ስለዚህ አንዱ ክሊክ ከቀጣዩ ጋር ዝምድና አለው። ቦቱ ግን እያንዳንዱን ዕጣ ለብቻው ነው የሚያወጣው። ጎበዝ ቦት ጸሐፊ ጅራት ያለው ዕጣ ይጠቀማል፤ ያኔ ሳጥኑ ይጠፋል፣ የዝምድናው ጉድለት ግን ይቀራል።

ክሊኩ ያረፈበት ነጥብም አለ። ቦት በአዝራሩ አራት ማዕዘን ውስጥ እኩል ይበትናል፤ ሰው ወደ መጣበት አቅጣጫ ያዘነብላል፣ ጥግ ጥጉን አይነካም። ስልክ ላይ የሚሠሩ የክሊክ ማክሮዎች ደግሞ አንዱን ኮኦርዲኔት ደጋግመው ይመታሉ። በአውራ ጣት አንድ ፒክስል ላይ 300 ጊዜ ማሳረፍ የሚችል ፍጡር የለም።

እኔ ግን ከሁሉም የምወደው የድግግሞሽ መለኪያውን ነው። የኮሪያ ተመራማሪዎች በ2016 በሊኒጅ፣ በአዮንና በብሌድ ኤንድ ሶል መዝገቦች ላይ አሳይተውታል። ጊዜውን እኩል እኩል ትቆራርጫለሽ፤ በየቁራጩ እያንዳንዱ ድርጊት ስንት ጊዜ እንደተፈጸመ ትቆጥሪያለሽ፦ መታ 40፣ ተራመደ 25፣ አነሳ 12፣ መድኃኒት ጠጣ 3። ይሄ የቁጥሮች ዝርዝር አንድ ቬክተር ነው። ከዚያ ቁራጮቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ በኮሳይን (የሁለት ቬክተሮችን መመሳሰል በሚለካ ስሌት) ትለኪያለሽ። የቦቱ ሦስተኛ ሰዓት ከስድስተኛው ሰዓት ጋር ቁጭ ነው። ሰው ወሬ ያወራል፣ ገበያ ይዞራል፣ ያለ ምክንያት ጋራ ላይ ወጥቶ ይቆማል። ማውሱን እንዴት አድርጎ ቢያወዛውዘው ይሄ መለኪያ ግድ የለውም።

ማዕድን_ጠባቂ
ዳታ_ቆጣሪ ያለው ልክ ነው፣ ግን ሸገር_ኮደር በአነስተኛ ቡድን ከዚያ አይጀምር። ማውሱን ተወውና ገንዘቡን ተከተል።

ቦት የሚሠራው የጌሙን ሳንቲም አምርቶ ለመሸጥ ነው። ብዙ አካውንቶች ሳንቲም ያመርታሉ፣ ሳንቲሙ እንደ ገባር ወንዝ ወደ ጥቂት አካውንቶች ይፈስሳል፣ ከነዚያ ለገዢ ይተላለፋል። መሰብሰቢያዎቹን ሚዩል ይሏቸዋል። ክሊክን ማስመሰል ይቻላል፤ ሳንቲሙን ሳያሻግሩ መሸጥ ግን አይቻልም።

የ7 ቀን ንግድ ሁሉ አውጣ። ሰጪው በምላሹ ያገኘው ከሰጠው ዋጋ 5 በመቶ በታች የሆነበትን ንግድ ብቻ አስቀር፤ ይሄ «ስጦታ» ነው። አካውንቶቹን ነጥብ፣ ስጦታዎቹን ቀስት አድርገህ ሣል። ዕድሜያቸው ከ14 ቀን በታች ከሆኑ 20 እና ከዚያ በላይ አካውንቶች ስጦታ የተቀበለ፣ ለማንም ቻት ያልጻፈ፣ ራሱ ምንም የማያመርት አካውንት ካገኘህ ሚዩል መሆኑ ብዙም አያጠራጥርም። ከዚያ ወደ ኋላ ቀስቶቹን ተከትለህ አምራቾቹን ታገኛለህ። ይሄ በፖስትግሬስ (ዳታቤዝ ነው) አንድ ጥያቄ ነው፣ ማሽን ለርኒንግ አያስፈልገውም። የሚሳሳተው የት ነው ካልከኝ፦ ጊልድ (የተጫዋቾች ማኅበር) ላይ። አዲስ አባላት ለገንዘብ ያዣቸው መዋጮ ሲያገቡ ቅርጹ ያው ነው። ለዚህ ነው የቻቱና የምርቱ መመዘኛ የሚጨመረው።

ጄጄክስ በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ ላይ ችግሩን በመጥረቢያ ሊቆርጠው ሞክሮ ነበር፤ ያልተመጣጠነ ንግድን ጭራሽ ዘጋ። ጥቁር ገበያው ተመታ፣ ግን ለጓደኛ ዕቃ መስጠትም ቀረ። ተጫዋቾች ድምፅ ሰጥተውበት በፌብሩዋሪ 2011 ተመለሰ፣ ቦቱም ተከትሎ ጎረፈ። የዚያው ዓመት የኦክቶበሩ ዘመቻ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ለአለቆችህ የምታሳየው ከፈለግህ ደግሞ ኢቭ ኦንላይን አለልህ። ባለቤቱ ሲሲፒ በ2009 ባካሄደው ዘመቻ ከ6,000 በላይ አካውንት ዘጋ፤ ከንቁ አካውንቶቹ 2 በመቶ ገደማ ናቸው፣ የሰርቨሩ ጭነት ግን 30 በመቶ አካባቢ ነው የቀነሰው። ቦት አይተኛም፣ አያርፍም፤ የሚበላው ፕሮሰሰር ከቁጥሩ ጋር አይመጣጠንም።

ቲክ_600
ወጥመድም አትርሱ። የጌም ኩባንያው ቫልቭ በፌብሩዋሪ 2023 ዶታ 2 ከሚባለው ጌሙ ከ40,000 በላይ አካውንት ያገደው በዚህ ነው። በክሊየንቱ ውስጥ በመደበኛ ጨዋታ ጊዜ ማንም የማያነበው ዳታ አስቀመጡ፤ ያነበበው የማጭበርበሪያው ፕሮግራም ብቻ ነበር። ግምት የለበትም፣ ያነበበ አነበበ። ካገዱ በኋላም በይፋ ተናገሩት፣ ሌላው እንዲፈራ።

ለናንተ ጌም፦ ሰርቨሩ ለክሊየንቱ በሚልከው የማዕድን ዝርዝር ውስጥ ስክሪን ላይ የማይሣል አንድ ድንጋይ ጨምር። ሊቆፍረው የሚሄድ ሁሉ ዝርዝሩን በፕሮግራም የሚያነብ ነው። አንዴ ብቻ ከሆነ አትመነው፣ የስዕል ብልሽት ድንጋዩን ሊያሳየው ይችላል። በሁለት የተለያየ ቀን በሁለት የተለያየ ቦታ የነካ ከሆነ ግን አለቀ።

ሸገር_ኮደር
ይሄ ሁሉ ማስረጃ ካለ ታዲያ ለምን ይጠብቃሉ? ያወቁት ዕለት አይዘጉትም?

ማዕድን_ጠባቂ
ቦት ጸሐፊው ስለሚፈትንህ ነው። 10 አካውንት ይከፍታል፤ አምስቱን በአንድ አቀማመጥ፣ አምስቱን በሌላ ያስኬዳል። በአንድ ሰዓት ውስጥ አምስቱ ቢዘጉ የትኛው መስመር እንዳስያዘው አወቀ፤ በነጋታው አስተካክሎ ይመጣል። እገዳው ከ3 እስከ 21 ቀን በዕጣ ከዘገየ ግን መንስኤውን ከውጤቱ ማገናኘት ያቅተዋል። የቫልቭ ፀረ ማጭበርበሪያ ፕሮግራም፣ ቫክ፣ ዘግይቶ የሚያግደው ለዚህ ነው። የጅምላው ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፦ የቦት ሻጩን ስም ያጠፋል። ብሊዛርድ በሜይ 2015 ከ100,000 በላይ የዎርልድ ኦፍ ዎርክራፍት አካውንቶችን ለ6 ወር ሲያግድ ኦነርበዲ የሚባለውን ቦት የገዙት ነበሩ ዋነኞቹ ተጎጂዎች፤ ደንበኛ በአንድ ቀን ሲያለቅስ ሻጩ «ዕድልህ ነው» ሊል አይችልም።

ጉዳቱ ግልጽ ነው፤ በነዚያ 3 ሳምንታት ቦቱ ሲያመርት ይከርማል። ስለዚህ አምራቹን አዘግይ፣ ሚዩሉን ቶሎ ምታ። ዕድሜው ከ14 ቀን በታች የሆነ አካውንት የላከው ስጦታ 72 ሰዓት ተይዞ ይቆይ። ከተማ ውስጥ ዕቃ በመለዋወጥ የሚጫወት አዲስ ተጫዋች ትንሽ ይበሳጫል፣ ቦት ነጋዴው ግን ገዢውን 3 ቀን ማስጠበቅ አለበት፤ ገዢ ደግሞ አይጠብቅም።

ማሂ_ጂ
ሳያሳውቁ ማዳከምስ? ፖኬሞን ጎ በ2017 አድርጎት ነበር፤ የተጠረጠረው አካውንት ተራ ፖኬሞኖችን ብቻ ያያል፣ ብርቅዬዎቹ አይታዩትም።

ማዕድን_ጠባቂ
ሠርቷል፣ ግን ለጥቂት ጊዜ። ቦት ጸሐፊዎቹ አካውንቱ ብርቅዬ ያይ እንደሆነ ወዲያው የሚፈትሽ ስክሪፕት አወጡ። እኔ በመጠኑ ብቻ ነው የምደግፈው፦ ከዕለቱ ምርት ላይ 30 በመቶ መቀነስ ከዕድል መጥፎነት አይለይም፣ ሙሉ በሙሉ ባዶ ማድረግ ግን ያስነቃል። ሰው ሆኖ በስህተት የተያዘ ካለ ደግሞ ለምን እንደደኸየ ሳያውቅ ጌሙን ትቶ ይሄዳል፤ ይግባኝ የሚልበት ነገር እንኳ የለውም። ይሄ አይመቸኝም።

ኔት_ቀጣይ
ሁላችሁም እየዘነጋችሁት ያለ ነገር አለ። አይፒ፣ የኢንተርኔት አድራሻው። አንድ አይፒ ላይ 40 አካውንት ሲታይ «የቦት እርሻ» ብሎ የሚዘጋ ጌም ብዙ ነው። የሞባይል ዳታ ላይ እልፍ ደንበኛ አንድ የሕዝብ አይፒ ይጋራል፤ የጌም ቤትና የካፌ ዋይፋይም እንደዚያው። ዱባይ ያለው ወንድማችን ለጥሪ ብሎ የከፈተውን ቪፒኤን ሳይዘጋ ጌም ሲገባ አይፒው ከአንድ የዳታ ማዕከል ነው የሚመጣው፣ ልክ እንደ ቦት። ለኢትዮጵያ ተጫዋች በአይፒ ማገድ ማለት ሰፈር ማገድ ነው። አይፒ ነጥብ ይጨምር እንጂ ብቻውን አይፍረድ።

የሰዓት ርዝመትም እንዲሁ። 18 ሰዓት ያለማቋረጥ የተጫወተ አካውንት አንድ ስልክ የሚፈራረቁ ሁለት ወንድማማቾች ሊሆን ይችላል። ያ በጌሙ ደንብ የተከለከለ እንኳ ቢሆን ቦት ግን አይደለም።

ዳታ_ቆጣሪ
ኔት_ቀጣይ ያለውን በቁጥር ላስደግፈው። 1,000,000 ተጫዋች አለህ እንበል፣ 2 በመቶው ቦት፤ 20,000 ማለት ነው። መለያህ ከቦቶቹ 95 በመቶውን ይይዛል፣ ከሰዎቹ ላይ የሚሳሳተው 1 በመቶ ብቻ ነው። ጎበዝ ይመስላል። የሚያዙት ቦቶች 19,000። ከ980,000 ሰዎች 1 በመቶ ደግሞ 9,800። ካገድካቸው 28,800 አካውንቶች ከሦስቱ አንዱ ንጹሕ ሰው ነው! ስህተቱን ወደ 0.01 በመቶ ብታወርደው ንጹሐኑ 98 ይሆናሉ። ለዚህ ነው አንድ መለኪያ ብቻውን የማያግደው፤ ቢያንስ ሁለት የማይዛመዱ ማስረጃዎች ይደራረቡ። ክሊክና ክሊክ አይደለም፤ ክሊክና የገንዘብ ፍሰት፣ ወይም ወጥመድና ድግግሞሽ።

ማሂ_ጂ
እንደ ቫንጋርድ በከርነል (በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) የሚገባ ፀረ ማጭበርበሪያ ቢጫንስ?

ቲክ_600
ለዚህ ጌም አይሆንም። የጌም ኩባንያው ራየት ቫንጋርድን በ2020 ከቫሎራንት ጋር አመጣው፣ በ2024 ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ላይ ጨመረው፤ ዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የሚባሉትን የኮምፒውተሩን የደኅንነት መቆጣጠሪያዎች ይጠይቃል። በተኩስ ጌም፣ ግድግዳ አሳልፎ ማየት በሚያሸንፍበት ቦታ፣ ይገባኛል። ስክሪኑን በካሜራ ወይም በካፕቸር ካርድ ወስዶ በሌላ ኮምፒውተር የሚያስብ ቦትን ግን በቀላሉ አያየውም። የሰው ማሽን ውስጥ መግባት ሁሌም ጣጣ አለው፤ የብሊዛርድ ፀረ ማጭበርበሪያ ዋርደን የሌሎች ፕሮግራሞችን የመስኮት ስም ሳይቀር እንደሚያነብ የደኅንነት ባለሙያው ግሬግ ሆግሉንድ በ2005 ሲያጋልጥ ምን ያህል እንደተጮኸ የሚያስታውስ ያስታውሳል።

አንድሮይድ ላይ ፕሌይ ኢንተግሪቲ አለ። አፑ ያልተነካካ፣ ስልኩ እውነተኛ መሆኑን ጎግል ይመሰክራል። ጫን፣ ግን ያላለፈውን ሁሉ አታስወጣ፤ የጎግል አገልግሎት የሌላቸው አዳዲስ የሁዋዌ ስልኮች አያልፉም። አብዛኞቹ ራስ ክሊከሮች (በራሳቸው የሚነኩ አፖች) የሚሠሩት በአክሰሲቢሊቲ (ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀው) ፈቃድ ነው፣ ያንኑ ፈቃድ ግን ዓይነ ስውራንና እጃቸውን ማንቀሳቀስ የሚቸግራቸው ሰዎችም ይጠቀሙበታል። ነጥብ እንጂ ፍርድ አታድርጉት።

ሸገር_ኮደር
ብዙ ነው ያገኘሁት፣ አክባሪያችሁ ነኝ። ከነገ ምን እንመዝግብ? ስናግድስ ለተጫዋቹ ምን ብለን እንጻፍለት?

ዳታ_ቆጣሪ
መዝገቡ፦ የአካውንት ቁጥር፣ የሰርቨሩ ሰዓት በሚሊሴኮንድ፣ የስልኩ ሰዓት (ሁለቱን ስታነጻጽር የኔትወርክ መዘግየትን ከእጅ ፍጥነት ትለያለህ)፣ የድርጊት ዓይነት፣ ዒላማ፣ የተነካበት ኮኦርዲኔት፣ የሴሽን ቁጥር። አንዱ ድርጊት 50 ባይት ይወስዳል ብትል፣ 1,000 ሰው በሴኮንድ አንድ ድርጊት ቢፈጽም በቀን 4.3 ጊጋባይት ነው። ሁሉንም 14 ቀን አቆይ፣ ከዚያ በኋላ የየሰዓቱን ድምር ብቻ አስቀር። የንግድ መዝገብን ግን መቼም አታጥፋ። የመጀመሪያውን አንድ ወር ማንንም ሳታግድ ሰብስብ፤ የራስህ ሰዎች ምን እንደሚመስሉ ሳታውቅ ከሌላ ጌም የተቀዳ ወሰን ብታስገባ ከላይ ያሉት 9,800ዎቹ ውስጥ ነው የምትገባው።

ማዕድን_ጠባቂ
ለተጫዋቹ ምክንያቱን በደረጃ ጻፍለት፣ ዘዴውን አትግለጥ። «አካውንትህ በራስ ሰር ፕሮግራም በመጠቀም ለ14 ቀን ታግዷል፣ ይግባኝ እስከዚህ ቀን፣ የመዝገብ ቁጥርህ ይሄ ነው» ይበቃል። መጀመሪያ 14 ቀን፣ ሁለተኛ ለዘለቄታው። ለሚዩል መጀመሪያ የሚባል ነገር የለም። ይግባኙን የሚያየው ያገደው ሰው አይሁን፤ ፊቱ ላይ የክሊክ ግራፉና የስጦታ ቀስቶቹ በአንድ ገጽ ይቅረቡለት። ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ዕቃውም የጠፋበት ቀንም ይመለስለት፣ መዝገቡም ወደ መለያችሁ መፈተኛ ይግባ፤ ቀጣዩ ማሻሻያ እሱን በድጋሚ ካገደ ማሻሻያው አይውጣ።

የመጀመሪያውን የጅምላ እገዳ ደግሞ ዓርብ ማታ እንዳታደርገው። ቅዳሜና እሁድ ይግባኝ የሚከፍት ሰው የላችሁም።